ለአሥራ ሁለት የተቆረጠው ሻኛ

ባሌ ቦልቴ ሥጋ መዳቢ ነው። ልኳንዳ ቤት የለውም፣ ሥጋ ሸጦም አያውቅም፤ ገበሬ ነው። ግን ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጋራ የገዛነውን በሬ በምንጥልበት ቀን ቢላዋውን የሚይዘው እሱ ነው። እኛ ሰፈር፣ ከሶዶ ወጣ ብሎ በዳሞታ ተራራ ሥር፣ አሥራ ሁለት ቤት ሆነን ነው የምንገዛው። ቦልቴ መሬት ላይ የእንሰት ቅጠል ያነጥፍና በሬውን አሥራ ሁለት መደብ ያደርገዋል። ከጭኑም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከሻኛውም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሳል። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት ከመሬት ያነሳውን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የባሕር ዛፍ ፍሬ። እኔ ምልክቶቹን እቀበልና ጀርባዬን ሰጥቼ አደባልቃቸዋለሁ፣ ሳላይም በየመደቡ ላይ አኖራቸዋለሁ። ይህን ሥራ ድሮ የሰጡኝ ዓይኔ ደካማ ስለነበር ነው። ፊደል ቆጥሬ መነጽር ካደረግሁ ወዲህ ጎረቤታችን ዳልጮ በየዓመቱ፣ “አሳየሽ፣ መጀመሪያ መነጽሩን ወዲህ በይ!” ይለኛል። ተቀብሎኝ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል።

በቦልቴ መደብ የተጣላ ሰው የለም። ዳልጮ አንድ ዓመት ከሱቅ ሚዛን ተውሶ መጥቶ መደቦቹን አንድ በአንድ መዘነ፤ ልዩነቱ የአንዲት አጥንት ያህል ነበር። “ይህ ሰው እጁ ውስጥ ሚዛን ውጧል” ብሎ ሚዛኑን መለሰ።

ይህን እጅ ያስተማረው አንድ ፖለቲከኛ ነው። ስሙ ሚልክያስ ይባላል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፤ እኔ ግን አልለውም።

የቦልቴ አባት ጭሰኛ ነበሩ። በዚያ ዘመን የጊፋታ በሬ ሲጣል ሻኛው አይቆረጥም ነበር። እንዳለ በእንሰት ቅጠል ይጠቀለልና ለባለ መሬቱ ይሄዳል። የሚወስዱት የቦልቴ አባት ነበሩ፤ ቦልቴ ከኋላቸው ይከተላል። በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ የባለ መሬቱ ሚስት ራሷ ወጥታ ቅጠሉን ገለጥ አደረገችና ሻኛውን በጣቷ ጫን ብላ፣ “የዘንድሮው ቀጭን ነው” አለች። የቦልቴ አባት ስለ በሬው ይቅርታ ጠየቁ። ቦልቴ ይህን ሲነግረኝ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ “ስለ በሬው” ይላል፣ ሌላ አይጨምርም።

መሬት ላራሹ በታወጀ ዓመት በመጣው ጊፋታ፣ ሚልክያስ የበሬው መጣያ ሜዳ ላይ ግንድ ላይ ወጥቶ ተናገረ። የዚያን ጊዜ የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ነበር፤ ሱሪው ያጠረው፣ አጥንቱ የሚቆጠር፣ ድምፁ ግን ከበሮ የሆነ። እኔም ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ሰምቻለሁ። “በሬውን ያበላው ማነው? ያሰረው፣ የፈታው ማነው? የላቡን ዋጋ ሌላ ሰው ሲበላው ዝም ያለስ ማነው? ከዛሬ ጀምሮ ሻኛ የሚላክለት ቤት የለም!” አለ። ከግንዱ ወርዶ ቢላዋ ተቀበለና ሻኛውን ራሱ ቆራረጠው። አቆራረጥ አያውቅም ነበርና ደሙ የተማሪ ቤት ሸሚዙ ላይ ተረጨ። የዚያን ጊዜ ሃያ አራት ቤት ነበርን። ሃያ አራት ቁራጭ ደረደረና ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚያየውን ቦልቴን ጠራው። ቦልቴ አሥር ዓመቱ ነበር።

“አንተ ልጅ፣ ና። የትኛው ያንሳል?”

ቦልቴ በጣቱ አሳየው። ሚልክያስ ከራሱ ቁራጭ ላይ ግማሹን ቆርጦ በዚያ ላይ ጨመረበት።

በዚያ ቀን ቦልቴ ሻኛ ምን እንደሚመስል በአፉ አወቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ሀብትም ስለ ፍርድም ያወቀው ሁሉ ከዚያች ግማሽ ቁራጭ የመጣ ነው። አንድ ሰው ተርፎት ሳይሆን ከራሱ ቀንሶ ሲጨምር አየ፤ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ሰው ሲጠብቅ ኖረ።

ያ ሰው ግን አልቆየም። ጦርነት መጣና የሰፈሩን ወጣቶች ስም የጻፈው ሚልክያስ ሆነ። የቦልቴ ስም ነበረበት፤ የሚልክያስ ስም አልነበረበትም። ቦልቴ ከሰሜን የተመለሰው የቀኝ ጆሮውን መስማት እዚያው ትቶ ነው። ሲመለስ ሚልክያስን የቆዳ ጃኬት ለብሶ የኅብረት ሱቁ በር ላይ አገኘው። ሕዝቡ ለስኳር ተሰልፎ ነበር፤ እሱ በጓሮ በር ገብቶ በጓሮ በር ወጣ። መንግሥት ሲቀየር ለሁለት ዓመት ጠፋ፣ በሌላ ኮፍያ ተመለሰ። ንግግሩም ተገልብጦ ነበር። “ሀብት ነውር አይደለም፣ ድህነት ነው ነውሩ” ይል ጀመር። በዚያ ወቅት ዝንጅብላችን ያማረ ነበርና ቦልቴን ሞዴል አርሶ አደር ብሎ ማሳችን ውስጥ አብሮት ፎቶ ተነሣ። አንድ ዘለላ ዝንጅብል አንስቶ እሱ ራሱ የቆፈረው ይመስል ለካሜራው ዘረጋው። በኋላ ዝንጅብሉ በበሽታ ጠውልጎ ከሥሩ ሲበሰብስ፣ ፎቶ አንሺም ሚልክያስም አልመጡም።

አሁን ጡረታ ወጥቶ አማካሪ ነው ይባላል። ማንን እንደሚያማክር አላውቅም። የማውቀው ባለ አራት ፎቅ ቤቱን፣ መኪናውን፣ ስልክ ሲደውል የሚነሡለትን ሰዎች ነው። ከበሬ ማኅበራችን ግን አልወጣም። ከገበሬ ጋር ሥጋ ይካፈላል መባሉን ይወዳል። በየዓመቱ ሾፌሩን ይልካል፤ መደቡ ይጫንለታል።

“ይህ ሰውዬ ሦስት ጊዜ ከድቶሃል፤ አሁንም አቶ ሚልክያስ፣ አቶ ሚልክያስ!” እለዋለሁ ቦልቴን።

“ሰውየው ዋሽቶ ሊሆን ይችላል” ይለኛል። “ነገሩ ግን ውሸት አልነበረም።”

ባለፈው ጊፋታ ልጃችን ሶሲ ጉዳይ ነበራት። ሶሲ መምህርት ናት፤ የተመደበችው በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ሃላሌ ላይ ነው። ባሏ ሶዶ ጋራዥ ይሠራል። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ የአራት ወር ልጇን ሳምራን ለእኔ ትታ ሄደች፤ እዚያ ያገኘችው አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው፣ ልጅ የሚይዝላት ሰው የላትም። ቅዳሜ በቤሌ በኩል በአውቶብስ ትመጣለች፣ እሑድ ትመለሳለች። ክፍል ውስጥ ቆማ ስታስተምር ወተቷ በሸሚዟ ላይ እንደሚፈስ፣ ደረቷን በደብተር ሸፍና እንደምትጽፍ ነግራኛለች። እኔ ደግሞ እዚህ ሳምራን የተገዛ ወተት እየጋትኩ፣ ፊቷን ወደ በሩ ስታዞር አያለሁ። ወደ ሶዶ ዝውውር ጠይቃ ነበር። ወረቀቷ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላ ሲዞር ከረመ፤ በመጨረሻ “ሚልክያስ ቢደውልላችሁ በአንድ ቀን ያልቃል” ተባልን። ቦልቴ ሄዶ ነገረው።

ለጊፋታ ሳምንት ሲቀረው ሚልክያስ ራሱ ደወለ። ቦልቴ ጆሮው ስለማይሰማ ስልኩን ላውድ ላይ ነው የሚያደርገው።

“ቦልቴ፣ ወንድሜ! ጤና ነህ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ፣ አቶ ሚልክያስ?”

“ሥራ ነው፣ ሥራ። ስማ፣ ለጊፋታ እንግዶች አሉብኝ። ከአዲስ አበባ፣ ትልልቅ ሰዎች። ዘንድሮ የእኔን መደብ ተወው፤ ለሰፈሩ ችግረኞች አከፋፍለው። ሻኛውን ብቻ እንዳለ ላክልኝ።”

ቦልቴ ስልኩን ወደ ደህናው ጆሮው አስጠጋ።

“ሰማኸኝ? ያ ጆሮህ አሁንም አልዳነም እንዴ?” ሚልክያስ ሳቀ። “የልጅህን ነገር አልረሳሁትም። ወረቀቷ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በዓሉ ይለፍና እደውልላታለሁ።”

“ሻኛውን እንዳለ?” አለ ቦልቴ።

“እንዳለ። እንዳትቆራርጠው።”

ስልኩ ተዘጋ። ቦልቴ እጁን አየ። እኔ ሳምራን ታቅፌ ነበር።

“ስጠው” አልኩት። አልደብቅም፣ ያልኩት እኔ ነኝ። “አንተ ለሥጋ ትጨነቃለህ፣ ልጅህ ጡቷን በደብተር ትሸፍናለች። ስጠውና ይታነቅበት።”

“ሻኛው የእኔ አይደለም። የአሥራ ሁለት ቤት ነው።”

“እንግዲያው አሥራ ሁለቱን ቤት እጠይቃለሁ።”

ጠየቅሁም። በር በር እየዞርኩ ጠየቅሁ። አንድም እምቢ ያለ የለም። ዳልጮማ፣ “የእኔን ቁራጭ ለሳምራ ሰጥቻታለሁ። ጥርስ ባይኖራትም ስሟ ይጻፍበት” አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ግን እንደ ጎመን ያንቀው!” አለ።

“ጎመን ያንቃል እንዴ?”

“ለእሱ ያንቅ!”

ለቦልቴ ሁሉም ፈቅደዋል ስለው ቢላዋውን ይስል ነበር።

በሬው በተጣለበት ጠዋት ቦልቴ ሻኛውን እንዳለ አንስቶ ለብቻው ቅጠል ላይ አኖረው። ከዚያ ወዲያ ማንም ወደዚያ አላየም፤ ሬሳ የተጋደመ ይመስል ሁላችንም ዞር ብለን ቆምን። ሌላውን ሥጋ መድቦ ሳይጨርስ የሚልክያስ ሾፌር ዱባለ ክዳን ያለው ነጭ ሳፋ ይዞ መጣ።

“ዮ ዮ ጊፋታ! እማማ፣ እንኳን አደረሳችሁ! ጋሽ ቦልቴ፣ በረቱ?” ዱባለ ክፉ ልጅ አይደለም። ሳፋውን መሬት አስቀመጠና አንገቱን አከከ። “ጋሼ፣ እርስዎም አብረውኝ እንዲሄዱ ተብሏል። የባህል ልብስዎን፣ ዱንጉዛዎን ለብሰው፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ በእጅዎ እንዲያቀርቡ። እንግዶቹ ባህሉን እንዲያዩት ነው።”

“የምን ባህል?” አለ ዳልጮ።

“ሻኛ ለትልቅ ሰው ማቅረብ ነዋ። እኔ የተባልኩትን ነው የምናገረው።”

“ይህን ባህል ግንድ ላይ ወጥቶ የቀበረው እሱ ራሱ አይደለም እንዴ? ከመቃብር ቆፍሮ አወጣው ማለት ነው? ቦልቴ፣ ተወው፣ አትሂድ። እኔ ዱንጉዛውን ለብሼ የበሬውን ጅራት ላቅርብለት።”

ሰው ሳቀ። ቦልቴ አልሳቀም። እጁን ታጠበ፣ ቤት ገባና ዱንጉዛውን ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ ወጣ። ሻኛውን በቅጠል ጠቀለለ። ቢላዋውን በሰገባው አድርጎ ከኮቱ ሥር ሲያስገባ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ብቻውን ልለቀው አልወደድኩም። ለሥጋው ማባያ ዳጣ አመጣለሁ ብዬ አንድ ጠርሙስ አንጠልጥዬ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ሶሲ ሳምራን አዝላ በር ላይ ቆማ ነበር። የአባቷን ኮሌታ አስተካከለችለት። ያ እጇ ሂድልኝ ይላል፣ አትሂድም ይላል።

የሚልክያስ ሳሎን ውስጥ አምስት እንግዶች ተቀምጠዋል። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን፤ የቦልቴ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር። ሚልክያስ ከሶፋው አልተነሣም። ወፍሯል፤ የአሥራ ሰባት ዓመቱን ልጅ በዚያ ፊት ላይ ፈለግሁት፣ ድምፁ ብቻ ነበር የቀረው።

“አያችሁ? የእኛ ሕዝብ እንዲህ ነው። ማንም አላዘዘውም፤ በፍቅር ነው የሚያመጣልኝ!”

አንዷ እንግዳ ስልኳን አንስታ መቅረጽ ጀመረች። ቦልቴ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቅጠሉን ፈታው።

“አቶ ሚልክያስ፣ በእንግዶችዎ ፊት አንድ ነገር ልናገር?”

“ተናገር፣ ተናገር! ይህ ሰው ጀግና ወታደር ነበር።”

“እኔ አሥር ዓመቴ ነበር” አለ ቦልቴ። ጆሮው ስለማይሰማ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው። ሁሉንም ነገራቸው። አባቱ በር ላይ ሲጠብቁ የነበረውን፣ የባለ መሬቱን ሚስት የጣቷን ነገር፣ ስለ በሬው የተጠየቀውን ይቅርታ። ግንዱን፣ ሸሚዙ ላይ የተረጨውን ደም። “የትኛው ያንሳል ብሎ ጠየቀኝ። እኔን፣ የጭሰኛ ልጅ። ከዚያ ከራሱ ቆርጦ ጨመረ። ይህን ያደረገው እኚህ ሰው ናቸው። እኔ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ይህን በቤታቸው፣ በእንግዳ ፊት ልመሰክርላቸው ብዬ ነው የመጣሁት።”

እንግዶቹ አጨበጨቡ። እንዲህ ያለ ምስጋና ለመስማት የመጡ ናቸውና ደስ አላቸው። ሚልክያስ ግን አላጨበጨበም። ቦልቴ ቢላዋውን ሲያወጣ አይቷል።

“ቦልቴ፣ ይበቃል። ወጥ ቤት ይቆርጡታል።”

ቦልቴ እንዳልሰማ ሆነ፤ ወይም ሚልክያስ በቀኝ በኩል ስለነበር በእውነት አልሰማውም። ሻኛውን ለአሥራ ሁለት ቆረጠው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሲቆርጥ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን አድርጎ ግን ቆርጦ አያውቅም። አሥራ ሁለቱን በቅጠሉ ላይ ደረደረ፣ አንዱን አንስቶ በሚልክያስ ሳህን ላይ አኖረ።

“ይህ የእርስዎ ነው።” ጎንበስ ብሎ አየው። “ያንስ ይሆን?”

የራሱን ቁራጭ አነሣ፣ ለሁለት ከፈለው፣ ግማሹን በሚልክያስ ቁራጭ ላይ ጨመረ።

ከዚያ ቀና ብሎ ፊቱን እያየ ቆመ። ሰዎች ዛሬም ቦልቴ ሊያዋርደው ነው የሄደው ይላሉ፤ ዳልጮ ይህን እየጨማመረ ያወራዋል። እኔ አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩ ነኝ። ሊያዋርደው አልሄደም። ያ ልጅ እዚያ ውስጥ ካለ ይወጣል ብሎ ነው የሄደው። እንዲያስታውስ እየጠበቀው ነበር።

ሚልክያስ ሳህኑን በእጁ ጀርባ ገፋ አደረገው። “ዱባለን ጥሩልኝ” አለ። “ሽማግሌው ደክሞታል።”

እንግዳዋ ስልኳን አወረደች። ቦልቴ የቀረውን ጠቀለለ። እኔ ዳጣዬን ከጠረጴዛው ላይ መልሼ አነሣሁት። ለዚያ ቤት ዳጣ አልተውም።

ዱባለ ላድርሳችሁ ቢልም በእግራችን ሄድን። ከመንገዱ ዳር ቦልቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

“አላስታወሰም” አለኝ።

“አስታውሷል” አልኩት። “ፊቱን አይቼዋለሁ። አንተ ገና ‘አሥር ዓመቴ ነበር’ ስትል ነው ያስታወሰው።”

ይህን ባልለው ይሻል ነበር። በቀኝ ጆሮው በኩል ብናገረው ይሻል ነበር። ከዚያ ድንጋይ ለመነሣት ብዙ ቆየ።

ሰፈር ስንደርስ ዳልጮ መነጽሬን ተቀበለኝ፣ ዕጣው ተጣለ፣ ሻኛው በየመደቡ ደረሰ። ሚልክያስ መደቡን የተወው ሻኛውን እንዳለ እንዲበላ ነበር፤ ያ ስላልሆነለት ቦልቴ መደቡን አልከለከለውም። በዚያው ነጭ ሳፋ ሞልቶ ሳፋውን ሊወስድ ለመጣው ለዱባለ ሰጠው። ዳልጮ፣ “ምራቅ ልጨምርበት?” ቢል፣ “መደቡ ነው” አለው ቦልቴ፣ ተቆጥቶ።

ከበዓሉ በኋላ ሶሲ ስለ ወረቀቷ ልትጠይቅ ሄደች። ጠረጴዛ ላይ ነው የተባለው ወረቀት የትም አልነበረም። “በሚመጣው ዓመት እንደ አዲስ አመልክቺ” አሏት። ሚልክያስ ስልክ አላነሣም። የአምስት ወር ሕፃንን ከእናቷ ጡት ለይቶ ያስቀረው በእንግዳ ፊት ማፈሩ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ሰው ከራሱ ወጣትነት ጋር ተጣልቶ ዕዳውን ሕፃን ላይ ሲጥል ያየሁት በእሱ ነው።

ሶሲ አባቷን አልወቀሰችውም። እኔ ወቅሼዋለሁ። ሦስት ቀን አላናገርኩትም። በአራተኛው ቀን ልብሴንና የሳምራን ጨርቆች ጠቅልዬ፣ “እኔ ሃላሌ እሄዳለሁ። ሳምራን ይዤላት እናቷ በዕረፍት ሰዓት ታጠባታለች። አንተ ከፍርድህ ጋር ተቀመጥ” አልኩት።

“መልካም ነው” አለ። ፍራሻችንን ተሸክሞ ሶዶ መናኸሪያ ድረስ መጣ፤ ራሱ አውቶብሱ ላይ ወጥቶ አሰረው። የስድሳ ዓመት ሰው ነው፤ መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞ ወረደ። አውቶብሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት ትንሽ የቅጠል ጥቅል አቀበለኝ። ፈታሁት። የደረቀች ግማሽ ቁራጭ ሥጋ ነበረች። ከራሱ ድርሻ የቀረችውን ግማሽ አልበላትም፤ ቋንጣ አድርጎ አስቀምጧት ነበር።

“ጥርስ ስታወጣ” አለኝ።

መልሼ ጠቀለልኳት። እስከ ቤሌ ድረስ መስኮቱን አላየሁም።

አሁን ሃላሌ ከመጣን ሦስተኛ ወራችን ነው። ሶሲ የዕረፍት ደወል ሲደወል እየሮጠች ትመጣለች፣ ሳምራም ድምፁን ለይታ ከእኔ ጭን ላይ ትዘላለች። ቦልቴ ማታ ማታ ይደውላል፤ ምን እንደበላ እጠይቀዋለሁ፣ ይዋሸኛል። ሚልክያስ ፎቅ ላይ ፎቅ ጀምሯል ይላል ዳልጮ።

ትናንት ሳምራ ታችኛው ድዷ ላይ ሁለት ጥርስ አወጣች። ጥቅሉን ከሣጥኑ አውጥቼ የቋንጣዋን ጫፍ አስያዝኳት። አልለቅም አለች፤ ምራቋን እያዝረበረበች ጠባችው። ለእሷ ግማሹ ነው የደረሳት። ሌላው ግማሽ በማን ሳህን ላይ እንደቀረ፣ ስታድግ በስሙ ጠርቼ እነግራታለሁ።